ፓስታ ለምን ይጣበቃል? ከሲሲሊ መርከብ እስከ እድር ድስት

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ቡና የሚጠጣ ቡናውን፣ ሻይ የሚጠጣ ሻዩን ይዞ ያንብብልኝ። አብዛኞቹ ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን "ዓ.ም." ብዬ እለያችኋለሁ።

ሰሞኑን በየገጹ የሚዞረውን ፎቶ ሳታዩት አልቀራችሁም። የድግስ ትሪ ላይ የተቆለለ፣ ዘይት ያብለጨለጨ፣ እርስ በርሱ የተያያዘ ፓስታ። ከሥሩ ጣሊያን ቢያየው ያለቅስ ነበር የሚል ቀልድ፤ ከቀልዱ ሥር ደግሞ በመቶ የሚቆጠር አስተያየት። "ሀበሻ ፓስታ አይችልም"፣ "ዘይት ጨምሮበት ቁጭ"፣ "ይሄ ፓስታ ሳይሆን ገንፎ ነው"። እኔም ስቄ ማለፍ እችል ነበር። ግን ታሪክ የማንበብ ልማድ ስላለኝ አንድ ጥያቄ ያዘኝ፤ ለመሆኑ ጣሊያን ራሱ ፓስታ እንዳይጣበቅ ማድረግ የቻለው መቼ ነው? ፍለጋ ገባሁ። ያገኘሁት ነገር ቀልዱን ገልብጦ አስቀመጠው።

1. ሊደርቅ የተሠራ ምግብ

በመጀመሪያ አንድ ተረት እናስወግድ። ፓስታን ማርኮ ፖሎ ከቻይና አመጣው የሚባለው ታሪክ ውሸት ነው። ማርኮ ፖሎ ወደ ቬኒስ የተመለሰው በ1295 ነው። ጄኖቫ ውስጥ ግን በ1279 የተጻፈ የአንድ ሰው የንብረት ዝርዝር ላይ መኮሮኒ የሞላበት ዕቃ ተመዝግቦ ይገኛል። ተረቱን ያስፋፋው በ1929 አሜሪካ ውስጥ በአንድ የመኮሮኒ አምራቾች መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ ነው።

ከዚያም ወደ ኋላ እንሂድ። በ1154 አል ኢድሪሲ የሚባል አረብ የጂኦግራፊ ሊቅ ለሲሲሊው ንጉሥ ለዳግማዊ ሮጀር ትልቅ የዓለም መግለጫ መጽሐፍ ጨረሰ። እዚያ ውስጥ ከፓሌርሞ በስተ ምሥራቅ ስላለች ትራቢያ ስለምትባል ቦታ ይናገራል። ወፍጮዎች ያሏት፣ ውኃዋ የማይደርቅ ቦታ ናት። እዚያ "ኢጥሪያ" የሚባል የዱቄት ምግብ በብዛት እንደሚሠራ፣ በመርከብ ተጭኖ ወደ ካላብሪያም፣ ወደ ሙስሊም አገሮችም፣ ወደ ክርስቲያን አገሮችም እንደሚላክ ጽፏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በመርከብ የሚላክ ምግብ ማለት የደረቀ ምግብ ማለት ነው። እርጥብ ሊጥ ባሕር ላይ ሦስት ቀን አይቆይም፤ ይሻግታል። ስለዚህ ፓስታ ከጥንቱ የተፈለገው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም፤ ስንዴን ሳይበላሽ ለማቆየት ነው። የእኛ እናቶች እንጀራ ሲተርፍ ደርቆሽ የሚያደርጉት፣ ለመንገደኛ በሶ የሚቋጥሩት ከዚሁ ሐሳብ ነው። ምግብን አድርቆ ጊዜን መግዛት።

ታዲያ የደረቀ ነገር ሲቀቀል ያደረቁትን ውኃ መልሶ ይጠጣል። ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ነው። በጣም ከጠጣ ይላቁጣል፤ ከድስት ወጥቶ ከቆየ ይጣበቃል፤ የበለጠ ከቆየ ደግሞ ይደርቃል። ይሄ ሦስት ነገር 800 ዓመት ሙሉ የፓስታ አብሳዮች ራስ ምታት ነው።

2. ሁለት ሰዓት የተቀቀለ መኮሮኒ

አሁን ዋናው ነገር መጣ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በጣሊያን ስመ ጥር የነበረ ማስትሮ ማርቲኖ የሚባል የቤተ መሳፍንትና የጳጳሳት ወጥ ቤት ነበረ። የጻፈው የምግብ መጽሐፍ እስከ ዛሬ አለ። ስለ ሲሲሊ መኮሮኒ አሠራር ሲናገር ፀሐይ ላይ ከደረቀ ሁለት ሦስት ዓመት ሊቆይ እንደሚችል ይገልጻል። ከዚያ በውኃ ወይም በሥጋ መረቅ ይቀቀል ይላል። ለስንት ጊዜ? ለሁለት ሰዓት!

አዎ፣ ሁለት ሰዓት። ዛሬ በማሸጊያው ላይ 9 ደቂቃ ተብሎ የተጻፈበትን ነገር። ያ ምግብ "ለጥርስ ትንሽ ጠንከር ያለ" ሊሆን አይችልም፤ ማንኪያ ላይ የሚቀልጥ ለስላሳ ነገር ነው። የዘመኑ ጌቶች የሚወዱትም እንዲያ ነበር። ከጣሊያን ውጪም ልማዱ ለብዙ ዘመን ቆይቷል። በ1861 በእንግሊዝ የታተመው የሚስስ ቢተን የቤት አያያዝ መጽሐፍ እንኳ መኮሮኒን ከአንድ ሰዓት በላይ ያስቀቅላል።

እንግዲህ ሁለት ሰዓት የተቀቀለ መኮሮኒ እንዴት አይጣበቅም? ማርቲኖ መልሱን አስቀምጦልናል፦ ትኩስ ቅቤ፣ የተፈቀፈቀ አይብ እና ቅመም። ሳህን ላይ ሲወጣ በቅቤና በአይብ ይለወሳል። ቅቤው እያንዳንዱን መኮሮኒ ይሸፍነዋል፤ አይቡ ደግሞ መሐል መሐል ገብቶ ያላቅቀዋል። የኛዋ እናት ከድግሱ ድስት ላይ ዘይት ጠብ ስታደርግ የምትሠራው እኮ ይህንኑ ነው። 500 ዓመት ያስቆጠረ የጣሊያን ብልሃት ነው።

ከማርቲኖ በኋላ የመጣ ሌላ ሰው ደግሞ አለ። ጆቫኒ ዴል ቱርኮ ይባላል፤ የፍሎረንስ ሰው ነው። በ1600ዎቹ መጀመሪያ ላይ መኮሮኒን ብዙ አታብስሉት፣ ሲወጣም ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበት፣ ያኔ ጠንከር ይላል ብሎ መክሯል። ዛሬ የምግብ ባለሙያ ነን የሚሉ ሰዎች "ፓስታ ማጠብ ነውር ነው!" ብለው ሲጮሁ ስሰማ ይህ ሰውዬ ትዝ ይለኛል። ማጠብ የማያውቅ ሰው ስሕተት ሳይሆን ጣሊያን ራሱ በጽሑፍ የመከረው ዘዴ ነበር።

3. የናፖሊ ጎዳና

"አል ዴንቴ" የሚባለው፣ ማለትም ጥርስ ላይ ትንሽ የሚታገል ፓስታ፣ ከቤተ መሳፍንት የመጣ አይደለም። ከድሆች ጎዳና ነው የመጣው።

የናፖሊ ሰዎች ድሮ "ቅጠል በሊታ" እየተባሉ ነበር የሚሰደቡት፤ ጎመን ስለሚያዘወትሩ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግን የከተማው ሕዝብ በጣም በዛ፤ ሥጋና አትክልት ተወደደ። በሌላ በኩል የሊጥ መሣሪያዎችና መጭመቂያዎች እየተስፋፉ ስለ ሄዱ ፓስታ ረከሰ። በዚያ ጊዜ ስማቸው "መኮሮኒ በሊታ" ወደሚል ተለወጠ። የጀርመኑ ጎተ በ1787 ናፖሊን ሲጎበኝ መኮሮኒ በየቦታው በርካሽ እንደሚሸጥ፣ በውኃ ብቻ ተቀቅሎ አይብ ተፈቅፍቆበት እንደሚበላ ጽፏል።

ጎዳና ላይ ሻጩ ትልቅ ድስት ጥዶ ይቆማል። ገዢው ሳንቲሙን ይሰጣል፤ ሻጩ ከሚፈላው ውኃ መዝዞ ይሰጠዋል። ገዢው ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ በእጁ ይበላል። ሹካ የለ፣ ወንበር የለ። እንዲህ የሚበላ ፓስታ ከላቆጠ ከእጅ ያመልጣል፤ ከተጣበቀ ደግሞ እንደ ጓል ይነሳል። ስለዚህ ጠንከር ብሎ፣ ከድስት እንደወጣ መበላት ነበረበት። በ1830ዎቹ የምግብ መጽሐፍ የጻፈው የናፖሊው መኮንን ኢፖሊቶ ካቫልካንቲ ፓስታው "አረንጓዴ አረንጓዴ" ሆኖ ይውጣ ይላል፤ ያልበሰለ ፍሬ እንደማለት ነው። ፓስታን ከቲማቲም ጋር አዋህደው ከጻፉት ቀደምት ሰዎችም አንዱ ነው።

ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ የናፖሊ ፓስታ ያልተጣበቀው የናፖሊ ሰው ከሌላው ስለበለጠ አይደለም። ከድስት እስከ አፍ ያለው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ስለሆነ ነው።

ናፖሊ አካባቢ ያሉት ግራኛኖና ቶሬ አኑንዚያታ ደግሞ የማድረቅ ሥራ አገር ነበሩ። ከባሕርና ከተራራ የሚነፍሰው ነፋስ እየተፈራረቀ ያደርቃል። ሥራው ሦስት ደረጃ ነበረው፤ መጀመሪያ ፀሐይና ነፋስ ላይ ላዩን ቶሎ ማድረቅ፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ቦታ አስገብቶ የውስጡ እርጥበት ወደ ውጭ እንዲወጣ መተው፣ በመጨረሻ ቀስ ብሎ ፈጽሞ ማድረቅ። በጣም የቸኮለ አድራቂ ፓስታው ይሰነጠቅበታል፤ የተሰነጠቀ ፓስታ ድስት ውስጥ ይሰባበራል፣ ስታርቹን ያፈሳል፣ ይጣበቃል። እንግዲህ የመጣበቅ ነገር የሚወሰነው ገና ማጀታችን ሳይደርስ ነው።

4. ድስቱ ውስጥ ምን ይሆናል?

ሳይንሱን በአጭሩ። ፓስታ በአብዛኛው ስታርችና ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ነው። ግሉተኑን እንደ መረብ፣ ስታርቹን መረቡ ውስጥ እንዳለ እህል ቁጠሩት። ውኃው ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ስታርቹ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። መረቡ ጠንካራ ከሆነ ስታርቹን አፍኖ ይይዘዋል። ደካማ ከሆነ ግን ስታርቹ ወደ ውኃው ይፈሳል፤ ላዩ ላይም ሙጫ ይሆናል። የፓስታ ውኃ ቀዝቅዞ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አጥሚት ይመስላል።

ፓስታ የሚጣበቅባቸው ሁለት አደገኛ ሰዓቶች አሉ። አንደኛው ድስት ውስጥ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ነው። ያኔ ላዩ ሙጫ ሆኗል፣ ውስጡ ግን ገና ደረቅ ስለሆነ አይንቀሳቀስም፤ ጎን ለጎን የወደቁት ተጣብቀው ይቀራሉ። ሁለተኛው ከውኃ ሲወጣ ነው። ውኃው ሲተን ላዩ ላይ የቀረው ሙጫ ይወፍራል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል።

ዘይት ውኃው ውስጥ መጨመርስ? ዘይት ውኃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ ከሥር ካለው ፓስታ ጋር ብዙም አይገናኝም። አረፋው እንዳይገነፍል ይረዳል፤ ከዚያ ውጪ የሚያደርገው ትንሽ ነው። ከተጠለለ በኋላ የሚጨመር ዘይት ግን በእርግጥ ያላቅቃል። ዋጋው ደግሞ ሱጎው በደንብ አይዝም፤ ያንሸራትታል። ሁለቱም እውነት ነው።

መድረቁስ? ይሄንን እንጀራ የሚበላ ሕዝብ ማስረዳት አያቅትም። ፍሪጅ ውስጥ ያደረ እንጀራ ለምን ይደርቃል፣ ይፈረፈራል? ውኃው ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ያበጠው ስታርች ሲቀዘቅዝ መልሶ ይሰለፋል፣ ይጠነክራል። ፓስታም እንደዚያው ነው። ለዚህ ነው ያደረ ፓስታ ውኃ ጠብ ተደርጎበት ሲሞቅ ነፍስ የሚዘራው።

5. ወደ እኛ ቤት እንዴት ገባ?

ይህ ክፍል ደስ አይልም፤ ግን ሳይነሳ አይታለፍም።

ጣሊያን ምጽዋን የያዘው በ1885 ነው፤ ኤርትራን ቅኝ ግዛት ብሎ ያወጀው በ1890። በዐድዋ በ1888 ዓ.ም. ተሸንፎ ተመለሰ። ከ40 ዓመት በኋላ በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን መጣ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በከተማችን የፈሰሰውን ደም ሁላችን እናውቃለን። ፓስታም፣ መኮሮኒም፣ ሱጎም፣ ፍሬንም፣ ፒያሳም በቋንቋችን የሰፈሩት ከዚሁ ታሪክ ጋር ተያይዘው ነው።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ጣሊያን ውስጥ በዚያው ዘመን ፓስታ ራሱ ጠላት ነበረው። ማሪኔቲ የሚባለው የፉቱሪስቶች መሪ በ1930 መጨረሻ ላይ ፓስታ ይጥፋ የሚል አዋጅ አወጣ፤ ፓስታ ሰውን ሰነፍና ከባድ ያደርጋል፣ ለጦርነት አይሆንም የሚል ነበር ክርክሩ። የሙሶሊኒ መንግሥትም የውጭ ስንዴ ግዢን ለመቀነስ ከ1925 ጀምሮ "የስንዴ ጦርነት" አውጆ ነበር፤ ሕዝቡንም ሩዝ ብሉ ይለው ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ማሪኔቲ ራሱ ኢትዮጵያን ለመውረር በፈቃደኝነት ዘመተ። የዘመተበት ጦር ስንቅ ውስጥ ግን ያ የተወገዘው ፓስታ ነበረ።

በ1933 ዓ.ም. ወራሪው ተባረረ። ፓስታው ቀረ። ሕዝባችን ደግሞ ያገኘውን ምግብ እንዳለ አልተቀበለም። ሱጎው ውስጥ ሽንኩርቱን አበዛ፣ ድልህ ጨመረ፣ ያሰኘው በርበሬ ነሰነሰበት፣ በእንጀራ ጠቀለለው። ለጾም በአትክልት ሠራው። ትልቁ ለውጥ ግን ይህ ነው፦ ፓስታ ለእኛ የድግስ ምግብ ሆነ። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለለቅሶ፣ ለእድር። ረክሶ ብዙ ሰው የሚያጠግብ፣ ከወጥ ይልቅ ቶሎ የሚደርስ።

የድግስ ምግብ መሆን ማለት ደግሞ ምን ማለት ነው? መጠበቅ ማለት ነው! ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተቀቅሎ ሰባት ሰዓት ላይ የሚቀርብ ፓስታ። ቀብሩ ይዘገያል፣ ሙሽራው ይዘገያል፣ ዝናብ ይጥላል፣ ድንኳን ይጠባል። ይሄ ናፖሊ ጎዳና ላይ ግማሽ ደቂቃ ከሚጠብቀው ፓስታ ጋር አንድ ነው እንዴ?

6. ጥፋቱ የማን ነው?

ወደ ፎቶው ቀልድ ልመለስ። ቀልዱ ለምን እንዳልጣመኝ ልንገራችሁ።

የአክስቴ ልጅ አራት ዓመት በአንድ የዐረብ አገር ቤት ሠርታ ነው የመጣችው። ስትሄድ 19 ዓመቷ ነበር፤ ገጠር ስላደገች ፓስታ በእጇ ሠርታ አታውቅም። እመቤቲቱ አንድ ቀን ለእንግዳ 3 ኪሎ መኮሮኒ ቀቅላ እንድትጠብቅ አዘዘቻት። እንግዶቹ ሁለት ሰዓት ዘግይተው መጡ። መኮሮኒው ጓጎለ። የወሩ ደመወዟ ላይ የመኮሮኒውም የሥጋውም ዋጋ ተቆረጠባት፤ "አህያ" ተብላ መሰደቧንም ነግራኛለች። ሁለት ሰዓት ማጥለያ ላይ የተቀመጠ መኮሮኒ ማንም ቢቀቅለው እንደሚጓጉል የነገራት ሰው አልነበረም። ስትመለስ ደግሞ የእኛው ሰው በድግስ ፓስታ ሲሳሳቅ አገኘችው።

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ስድብ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ፓስታው ከተጣበቀ የሠራችው ሴት ባለሙያ አይደለችም የሚል። እኔ ግን የእጅ ጉዳይ ያልሆኑ ሦስት ምክንያቶች አሉኝ።

አንደኛ፣ ስንዴው። ጥሩ ደረቅ ፓስታ የሚሠራው ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ ነው፤ መረቡ ጠንካራ የሆነው ማለት ነው። ጣሊያን በ1967 ባወጣው ሕግ ደረቅ ፓስታ ከዱረም ውጪ እንዳይሠራ አስገድዷል። እዚህ ግን ዱረም ስለሚያጥር ብዙ ፓስታ ከዳቦ ስንዴ ይሠራል፣ ወይም ይደባለቃል። የዳቦ ስንዴ ፓስታ ስታርቹን ቶሎ ያፈሳል። የሚያሳዝነው ደግሞ አገራችን የዱረም ሀብታም መሆኗ ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 መጥቶ ከማሳችን የሰበሰበው የዱረም ዓይነት ብዛት አስደንቆታል። ሐምራዊ ፍሬ ያለው ስንዴያችን በዓለም ብርቅ ነው። ደብረ ዘይት ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል ለብዙ ዓመታት በዱረም ላይ የሠራው በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከፍታው። ማሸጊያው ላይ "9 ደቂቃ" ተብሎ የሚጻፈው ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላበት ቦታ ታስቦ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ናት፤ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአዲስ አበባ ድስት ፈላ ማለት የናፖሊ ድስት ገና ሊፈላ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ልቡ እስኪበስል ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያል፤ ረዘም ባለው ጊዜ ውስጥ ላዩ ብዙ ስታርች ያፈሳል። ደሴ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጎባ ያላችሁ ደግሞ ከዚህ ይብስባችኋል። ድሬዳዋ ያላችሁ ትንሽ ይሻላችኋል።

ሦስተኛ፣ ጥበቃው። ከላይ ተናግሬዋለሁ።

እነዚህን ሦስቱን ደምሯቸው። ደካማ ስንዴ፣ ቀዝቀዝ ያለ ፍል ውኃ፣ የሰባት ስምንት ሰዓት ጥበቃ። በእነዚህ መሐል ፓስታውን አላቅቃ ለ300 ሰው የምታቀርብ የእድር እናት ሰነፍ ናት ወይስ መሐንዲስ? ዘይቷ አለማወቅ አይደለም። የማርቲኖን ቅቤ በርካሽ የተካ መፍትሔ ነው።

7. ታዲያ እንዴት ይደረግ?

ታሪኩን ተርኬ ዝም ብል "ታዲያ ምን እናድርግ?" ብላችሁ አትለቁኝም። ካነበብኩትም፣ ማጀት ገብቼ ከሞከርኩትም የሠራልኝን ልንገራችሁ።

ወዲያው የሚበላ ከሆነ፦ ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ውኃ። ውኃው በደንብ ሲንተከተክ ጨው ጨምሩ፣ ከዚያ ፓስታውን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ከድስቱ አትራቁ፤ በማማሰያ አማስሉ። ሰዓት ሳይሆን ጥርሳችሁን እመኑ፤ አንዷን አውጥታችሁ ቅመሱ። ከመጠለሉ በፊት አንድ ስኒ ውኃውን አስቀሩ። ከዚያ ያለ ዘይት በቀጥታ ሱጎው ውስጥ ጨምሩትና ያስቀራችሁትን ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ ለውሱት። ያ አጥሚት የመሰለው ውኃ ሱጎውን ከፓስታው ጋር ያጋባዋል።

የሚጠብቅ ከሆነ፦ ሊበስል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አውጡት። ምክንያቱም ከወጣም በኋላ በራሱ ሙቀት መብሰሉን አያቆምም። ጥልቅ ዕቃ ውስጥ አትቆልሉት፤ መሐሉ ያለው ይላቁጣል። ሰፊ ትሪ ላይ ዘርጉት። የዴል ቱርኮን ምክር መጠቀም ያሰኘው ሰው በቀዝቃዛ ውኃ ለቅለቅ ያድርገው፤ ላዩ ላይ ያለው ሙጫ ይሄዳል። ውኃው በደንብ ይንጠፍጠፍ፤ ለኪሎ ሁለት ሦስት ማንኪያ ዘይት ይበቃል፣ መዋኘት የለበትም። ሲበርድ ይሸፈን፤ ካልተሸፈነ ላዩ ይደርቃል። ማቅረቢያው ሲደርስ በማጥለያ ይዛችሁ የሚፈላ ውኃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ነከር አድርጉት። እንደ አዲስ ይላቀቃል። ብዙ ምግብ ቤቶች የሚሠሩት እንዲህ ነው።

ለትልቅ ድግስ፦ 20 ኪሎ በአንድ በርሜል ድስት ከምትቀቅሉ አራት ጊዜ አምስት አምስት ኪሎ ይሻላል። ድካም ነው፤ አውቃለሁ። ግን ብዙ ፓስታ ጥቂት ውኃ ውስጥ ሲገባ ውኃው መፍላቱን ያቆማል፣ መጣበቅም ያኔ ይጀምራል። አቅም ካለ ደግሞ ፓስታ ፉርኖ አድርጉት። በእርሱ መጣበቁ ጥፋት መሆኑ ቀርቶ ጌጥ ይሆናል፤ በቢላ ተቆርጦ ይቀርባል። ናፖሊዎችም የተረፈውን በእንቁላል ጠብሰው እንደ ቂጣ ቆርጠው ይበሉታል።

የተረፈ ከሆነ፦ ይሄኛው ቀልድ አይደለም። የተቀቀለ ፓስታ ውጭ አይደር፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ይግባ። ፍሪጅ የሌለው ሰው ደግሞ የሚበላውን ያህል ብቻ ይቀቅል። ባሲለስ ሴሬስ የሚባል ባክቴሪያ በተቀቀለ ፓስታና ሩዝ ላይ ይራባል፤ የሚያመነጨው መርዝ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም። በ2008 ቤልጂየም ውስጥ አንድ የ20 ዓመት ተማሪ አምስት ቀን ውጭ የቆየ ስፓጌቲ አሙቆ በልቶ በዚያው ሌሊት ሞቷል፤ ጉዳዩ በሕክምና መጽሔት ተጽፏል። ሽታውና መልኩ ደኅና መስሎ ቢታይም አትመኑት።

እንግዲህ ይኸው ነው። በጣሊያን ሁለት ሰዓት ተቀቅሎ በቅቤ ሲላቀቅ የኖረው፣ በመርከብ የተጓዘው፣ ናፖሊ ጎዳና ላይ በእጅ የተበላው፣ እኛ ዘንድ በግፍ የገባው ምግብ ዛሬ የእድር ድንኳናችን ውስጥ ነው። ትክክለኛው አሠራር አንድ ሆኖ አያውቅም። ሁሉም እንደ ስንዴው፣ እንደ ውኃው፣ እንደሚጠብቀው ሰው ብዛት ሲያበስል ኖሯል። ያንን ፎቶ አሁንም የሚያጋራ ሰው ካለ ቢያንስ ከሥሩ የአዲስ አበባን ከፍታ ይጻፍልኝ።

ድግስ የምታበስሉ እናቶችና እህቶች፣ አስተያየት መስጫው የእናንተ ነው። እኔ ያልጠቀስኩት የራሳችሁ ዘዴ አለ? የትኛው ከተማ እንዳላችሁም ጻፉልኝ፤ የሐዋሳና የደብረ ብርሃን ድስት ልዩነቱ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አብረን እናያለን። ጠቃሚ ነው ያላችሁት ሼር አድርጉት።